ርክርኩን የበላው ኔትወርክ

ደክሞኛል። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። ሌላው ሰው የሚደክመው ድንጋይ ተሸክሞ ወይም ዳገት ወጥቶ ነው፤ እኔን ያደከመኝ የአማቴ ዋይፋይ ነው። ዋይፋይ ምን ክብደት አለውና የሚል ቢኖር፣ አንድ ቅዳሜ ጎንደር ይምጣና የኔታ ግቢ ውሎ ይሂድ።

የኔታ የሚስቴ አባት ናቸው። ሌላ ስም አላቸው፤ ግን እንኳን እኔ፣ ሚስታቸው እትየ ማንጠግቦሽም በስማቸው ሲጠሯቸው ሰምቼ አላውቅም። የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ካህናቱ በበዓል ቀን መቋሚያና ጽናጽል ይዘው፣ ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚያሸበሽቡበትን ዜማ ያስተምራሉ። ያስተምራሉ ስላችሁ መጽሐፍ ገልጠው እንዳይመስላችሁ። ሁሉም በቃል ነው። ተማሪው ቆሞ ያዜማል፤ የኔታ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ተኝተዋል ብሎ አንዲት ቅንጣት የዘለለ እንደሆነ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ገደፍክ! መልስ!" ይላሉ። ወደ ኋላ ሂድና እንደገና በለው ማለታቸው ነው። በዚህች ቃል ስንቱን ጎልማሳ እንዳስለቀሱ እግዜር ይወቅ።

እኔም በአቅሜ መምህር ነኝ። እዚሁ ጎንደር አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ "የኮምፒውተር ኔትወርክ መሠረታዊ ሐሳቦች" የሚባል ትምህርት አስተምራለሁ። ሐሳቦች የምትለዋን ልብ በሉልኝ። የኮምፒውተሩን ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው ከተዛወረ ወዲህ የቀረን ሐሳቡ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አንድ ኮምፒውተር እስላለሁ፣ ወዲያ ማዶ ሌላ እስላለሁ፣ መካከላቸው መስመር አሰምራለሁ። በዚያ መስመር ያለፈ መልእክት እስከ ዛሬ አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። ደስ የሚል ኔትወርክ ነው።

ጥፋቱ የኔው ነው። አንድ ፋሲካ ዶሮ እየበላን የኔታ "ለመሆኑ እዚያ ኮሌጅ የምታስተምረው ምንድን ነው?" ሲሉኝ፣ አፌን ሞልቼ "ኔትወርክ" አልኳቸው። በግ አርዳለሁ ብላቸው ኖሮ የምፈለገው ለበዓል ለበዓል ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ሲደክም፣ ቴሌቪዥን ሲንሿሿ፣ የጎረቤት ቆጣሪ ሲጨስ ሳይቀር የምጠራው እኔ ሆንኩ። እትየ ማንጠግቦሽ ለሰፈሩ ሁሉ "አማቻችን የኔትወርክ መምህር ነው" ብለው አውጀውልኛል። ቆጣሪና ኔትወርክ የተለያዩ ናቸው ብል የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ያን ቅዳሜ ዕቅዴ አጭር ነበር፤ መተኛት። ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ዕቅዴን በሚገባ እያከናወንኩ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

"ልጄ፣ ቶሎ ድረስልን፤ የሞት የሽረት ነገር ነው" አሉኝ እትየ ማንጠግቦሽ።

"ማን ታመመ?" ብዬ ከአልጋዬ ዘለልኩ።

"ኧረ ማንም አልታመመ። ስመኘው በስልክ ሊያስመሰክር ነው።"

ስመኘውን አውቀዋለሁ። የየኔታ ተማሪ ነበር፤ ጓሮ ባለችው ጎጆ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ በሠርጌ ቀን በዜማው ሰውን ያስለቀሰው እሱ ነው። ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው አባቱ ሞቱበትና እርሻቸውን ሊይዝ ወደ መካነ ብርሃን ተመለሰ። ሳያስመሰክር ሄደ ማለት ነው፤ መምህሩ ፊት ቆሞ፣ የተማረውን ሁሉ ዘልቆ፣ "ይህ ሰው ከእኔ ተምሯል፤ ያስተምር፣ ይምራ" ሳይባልለት። አሁን የደብራቸው መሪጌታ አረፉ። ሕዝቡ ስመኘው ይሁንልን አለ። የደብሩ ሽማግሌዎች ግን መምህሩ ያልመሰከሩለትን ሰው አንሾምም አሉ። ንግሣቸው ደርሷል፤ እስከዚያ ቅዳሜ ማታ ድረስ የየኔታ ቃል ካልደረሳቸው ከሌላ አገር ሰው ሊያመጡ ተስማምተዋል። ስመኘው ይምጣ እንዳይባል መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ያን ሳምንት የመዘጋት ተራው ነበር። የኔታ ይሂዱ እንዳይባል ጉልበታቸው ከደብሩ ቅጥር ወዲያ አልራመድ ካላቸው ቆይቷል።

እንዲህ ሆኖ የሰውየው የስንት ዓመት ልፋት እኔ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ቁርስ እንኳ ሳልበላ።

ስደርስ የኔታ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ካባቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሳሎኑ መካከል ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው የእትየ ማንጠግቦሽ ስልክ የስኳር ዕቃ ተደግፎ ቆሟል። ስልኩም የሚፈራ ይመስል ነበር።

"የኔታ፣ ለምን እንዲህ እንለፋለን?" አልኩ፣ አልጋዬን እያሰብኩ። "ስመኘው ድምፁን ቀድቶ ይላክልን። ቁጭ ብለው ይሰሙታል፤ አንዲት ቅንጣት አትጎድልም።"

"ቀድቶ? ስንት ጊዜ ተሳስቶ፣ ስንት ጊዜ አጥፍቶ፣ ያማረችዋን ቢልክልኝ በምን አውቃለሁ? ማስመስከር ፊት ለፊት ነው ልጄ። ሰውየው ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ማየት አለብኝ።"

ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ቀጥሎ ግን ያልጠበቅኩት መጣ።

"በል እንግዲያው መምህር፣ አስረዳኝ" አሉ። ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ መምህር ነው የሚሉኝ። "የስመኘው ድምፅ ከመካነ ብርሃን እዚህ የሚመጣ በምን ተጭኖ ነው?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ሞቀ። ኮሌጁ ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ የለም፤ እነሱ የሚጠይቁኝ ፈተና ላይ ይመጣ እንደሆነ ብቻ ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ጀመርኩ።

"ድምፁ በጥቃቅኑ ይቆረሳል፣ የኔታ። እያንዳንዱ ቁራሽ ላይ ከየት እንደተነሣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ስንተኛ እንደሆነ ይጻፍበታል። ከዚያ ይለቀቃል። በየመገንጠያው መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ አድራሻውን እያየ ወዲህ ሂድ፣ ወዲያ ሂድ ይለዋል። አንዱ ቁራሽ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ቢመጣ፣ ሌላው አገሩን ዞሮ ሊመጣ ይችላል። እዚህ ሲደርሱ በቁጥራቸው ይገጣጠማሉ።"

"ዜማውን ይቆርሱታል?"

"አዎ።"

"ማን ፈቀደላቸው?"

በማስተምርበት መጽሐፍ ይህ ጥያቄ የለም።

"እሺ፣ ከመንገድ የቀረ ቁራሽ ቢኖርስ?"

"ሁለት ዓይነት አላላክ አለ። በአንደኛው፣ ተቀባዩ 'ይችኛዋ አልደረሰችኝም' ይላል፤ ላኪው ያችኑ ደግሞ ይልካል። እሷ ሳትደርስ ወደፊት የለም።"

"ይኸ ሸጋ ነው!" አሉ፣ ጉልበታቸውን መታ አድርገው። "ይኸማ የኛው ትምህርት ቤት ነው።"

"በሁለተኛው ግን የጠፋው ጠፋ ተብሎ ይታለፋል።"

"ይኸኛው ዋልጌ ነው። የስመኘው ድምፅ በየትኛው ነው የሚመጣ?"

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። "በዋልጌው ነው፣ የኔታ።"

ለጠፋው ሁሉ ወደ ኋላ እየተመለሰ ቢጠብቅ ጨዋታው ይጓተታል፣ ስለዚህ ፊት ለፊት የሚያነጋግር ጥሪ የቀረውን እየተወ መሮጥ አለበት ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። የኔታ ልጁን አበላሽቶ ያሳደገ አባት እንደሚታይ አድርገው አዩኝ። እኔ ነኝ እንዴ የፈለሰፍኩት?

ደወልን። ስልኩ ላይ መጀመሪያ ሰማይ ታየ፤ ቀጥሎ ነጭ ጢም፤ ቀጥሎ አንድ ትልቅ ጆሮ። የጆሮው ባለቤት አያ አድማሱ ነበሩ፤ ሽማግሌዎቹ የየኔታን ቃል በጆሯቸው ሰምተው እንዲመለሱ የላኳቸው። አደራቸውን ለመወጣት ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈውታል። የቆሙት ከደብሩ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ በዚያ አካባቢ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ነፋሱም የሚገኘው እዚያው ነው። ስመኘው ከኋላቸው ጋቢውን አጣፍቶ፣ መቋሚያውን ይዞ ቆሟል። በጣም ከስቷል።

"ስልኩን ከጆሮዎ ያንሡት፣ አያ!" ብዬ ጮኽኩ።

አነሡት፤ ፊታቸው ሙሉ ታየ። "የኔታ! እንዴት አደሩ? ድምጥዎ እንደ ጉድ ይሰማል! እኛም እንዲያው..." አሉና አፋቸውን እንደከፈቱ ምስሉ ቀጥ አለ።

የኔታ ይጠብቃሉ። እኔም እጠብቃለሁ። እትየ ማንጠግቦሽም ከበሩ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ።

"የኔታ፣ ይናገሩ እንጂ" አልኩ ቆይቼ።

"አያ አድማሱ ሊናገሩ ነው" አሉኝ በሹክሹክታ። "አፋቸውን ከፍተዋል፤ የሽማግሌ አፍ አይነጠቅም።"

በደረቀ ምስል ፊት ተቀምጠን ቆየን። ደግሞ ደወልን፤ ተገናኘን፤ ስመኘው ጀመረ። ነፍሱን ይማረውና፣ ነፍሱንስ በሕይወት ይጠብቀው፣ ያ ድምፁ አለ። ችግሩ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከፊሉ መሆኑ ነው። ርክርክ የምትባል አለች፤ ድምፅ በጉሮሮ እየተርገበገበ የሚወርድባት። ኔትወርኩ ከዜማው ሁሉ መርጦ የሚበላው እሷን ሆነ። ስመኘው ወደ ርክርኳ ሲቃረብ ድምፁ እልም ይላል፤ ካለፈች በኋላ ደኅና ሆኖ ይመለሳል።

"ገደፍክ! መልስ!" አሉ የኔታ።

መለሰ። አሁን ርክርኳ ደረሰች፤ ከፊቷ ያለው ጠፋ።

"ገደፍክ! መልስ!"

መለሰ። አሁን ሁሉም ደረሰ፤ መጨረሻው ቀረ። ምስኪኑ ስመኘው ምን እንደጣለ ስለማያውቅ እያንዳንዱን ሲመልስ ፊቱ ይጠቁራል። አያ አድማሱ ከወዲያ "ምነው ልጄ፣ ሸጋ አርገህ ያልከው መስሎኝ!" ሲሉ ይሰማል። የሳቸው ድምፅ አይቆረጥም።

"ጽናጽሉስ የታለ? ያለ ጽናጽል ነው እንዴ?" አሉ የኔታ።

ጽናጽሉን ስመኘው እያንቀሳቀሰው እናያለን፤ አይሰማም። ስልኩ ሁካታ መስሎት እያጠፋው ነው። ይህን ለየኔታ ልነግራቸው አልደፈርኩም፤ ሌላ ዋልጌ መሣሪያ አለ ብል ከቤቱ እወጣ ነበር።

የኔታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። "ይኸ ልጅ ይህን ያህል ረስቷል እንዴ?" አሉ፤ ድምፃቸው አዘነ። አንጀቴን በሉት።

"እሱ አይደለም የኔታ፣ ኔትወርኩ ነው።"

"እንግዲያው ኔትወርኩን መልስ በለው። አንተ አይደለህ መምህሩ?"

ጥሪውን ዘጋንና መምህሩ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ራውተሩን ፈለግኩ። ራውተር ማለት ያ መብራት የሚያብለጨልጭ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ባለቤቴ እናቷ ስብከት እንዲከታተሉ ብላ ያስገባችው። ቡፌው ውስጥ ከሸክላ ሣህኖቹ ጀርባ አገኘሁት። ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴሉ ላይ ሌላ ትንሽ ዳንቴል፣ እሱ ላይ የእኔና የባለቤቴ የሠርግ ፎቶ ቆሟል። ሳነሣው እጄን ለበለበኝ።

"እትየ፣ ይሄ ነገር አየር ይፈልጋል እኮ!"

"አቧራ እንዳይበላው ነዋ! ደግሞ ሌት ተቀን እንደዚያ ሲያፈጥ ዓይን ያየዋል፤ የሰው ዓይን ክፉ ነው።"

ራቁቱን አውጥቼ የኔታ አጠገብ፣ ከስልኩ ጎን አስቀመጥኩት። የኔታ አጎንብሰው መረመሩት። አረንጓዴዎቹ ሁሉ ረግተው ከበሩ ደኅና ነው፣ ቀይ ካብለጨለጨ ወይም አንዱ ከጠፋ ታሟል ብዬ አሳየኋቸው። በሚገባ ሰሙኝ። ምነው ባልነገርኳቸው።

ቀዩ ያብለጨልጫል። በዚያ ላይ ስንት ሰው እየተጠቀመበት እንደሆነ በስልኬ ብመለከት የሰፈሩ እድር በሙሉ ተሰብስቧል። ለካ እትየ ማንጠግቦሽ የይለፍ ቃሉን ግቢው መግቢያ ቧንቧው አጠገብ ግድግዳው ላይ በከሰል ጽፈውታል፤ ውኃ ሊቀዳ የመጣ ሁሉ ኢንተርኔትም ቀድቶ ይሄዳል።

"ልቀይረው?" አልኩ።

"እንዳታደርገው! ሰው ምን ይለናል? ነገ ለቅሶ ቢደርስብን ማን ይቆምልናል?"

ስለዚህ መምህሩ ቤት ለቤት ልመና ወጣ። ባጃጅ የሚነዳው ተከራይ ፊልም እያወረደ ነበር፤ "ሊያልቅ ነው" አለኝ፤ ለሚያወርድ ሰው ሁልጊዜ ሊያልቅ ነው። የስመኘውን ነገር ስነግረው ግን አጠፋው። እትየ አበባ የሚባሉት ጎረቤት ተከታታይ ድራማ ላይ ናቸው። "ልጅቷ አባቷን ልታገኝ ነው፤ እባክህ ይችን ብቻ ታገሰኝ" አሉኝ። ታገስኩ። በርጩማ ሰጡኝ፤ ተቀመጥኩ። ላልዋሻችሁ፣ ልጅቷ አባቷን ልታገኝ ስትል ክፍሉ አለቀና ቀጣዩን እንድንከፍት የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እትየ ማንጠግቦሽ መጥተው በጆሮዬ ባይጎትቱኝ፣ እዚያው አመሽ ነበር።

ስመለስ ሁሉም ሰው አቁሟል፤ ቀዩ ግን አሁንም ያብለጨልጫል። መስመሩን ተከትዬ ወጣሁ። ከመንገዱ ምሰሶ የሚመጣው ሽቦ ግቢውን አቋርጦ ቤቱ ጣራ ሥር ይገባል። መካከሉ ላይ የየኔታ የክት ጋቢ ታጥቦ፣ ውኃውን እንደተሸከመ ተሰጥቷል። ሽቦው እንደ ነጠላ መቀነት ወደ መሬት ረግቧል፤ ጫፉ ላይ የተቀጠለበት ቦታ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከጋቢው ጋር አብሮ ይወዛወዛል። ያን ጊዜ የስመኘውን ርክርክ የበላው ማን እንደሆነ ገባኝ።

"እትየ፣ ይህ የኔትወርኩ ሽቦ ነው!"

"አውቃለሁ፤ ጠንካራ ሽቦ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ገመድ ይበጠስ ነበር።"

ጋቢውን አወረድኩ። የሚሰጣበት ሌላ ገመድ የለም፤ አጥሩ እሾህ ነው፤ ሣሩ ላይ ዶሮዎቹ አሉ። የክት ጋቢ መሬት አይነካም። "ልጄ፣ አንተ ያዘው እንጂ" ተባልኩ። ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። ርጥብ ጋቢ ትከሻው ላይ ያዋለ ሰው ካለ ስሜቴን ይረዳልኛል፤ ውኃው በጀርባዬ ወርዶ ካልሲዬ ውስጥ ገባ።

በዚህ መካከል መብራት ጠፋ። ስለ መብራት መጥፋት ግን ለማን ምን ይነገራል? ጠፋ፤ ጠበቅን፤ መጣ። እስኪመጣ ጀንበሯ ወደ ማዘቅዘቁ ሄዳለች። መካነ ብርሃን ጉብታው ላይ ስመኘውና አያ አድማሱ ከጠዋት ጀምሮ ነፋስ ይመታቸዋል። ሽማግሌዎቹ ሊሰበሰቡ ነው።

ደወልን። ራውተሩን አየሁት፤ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም የረጋ። እንዲህ ያማረ ነገር ከሰሌዳዬ በስተቀር አይቼ አላውቅም። ስልኩ ጽናጽሉን እንዳያጠፋም አንድ ምልክት ነካክቼ አስተካክዬለታለሁ፤ በስንተኛው ሙከራ እንደተሳካልኝ አልናገርም።

የቀረው መዘግየቱ ብቻ ነበር። በአቋቋም ግራው ሲጨርስ ቀኙ ይነሣል። የኔታ ግራ ሆነው ጨረሱ፤ ስመኘው ወዲያው ቢነሣም ድምፁ አገሩን ዞሮ እስኪመጣ የኔታ ያልሰማ መስሏቸው ደገሙት፤ ሁለቱ መካከል ላይ ተጋጩ፤ አያ አድማሱ ሁለቱንም "በሉ ተስማሙ እንጂ!" ብለው ገላገሉ። ድምፁ መንገድ ላይ ትንሽ እንደሚቆይ ለየኔታ ነገርኳቸው።

"ይቆይ፤ ድሮም ለማሕሌት ዘግይቶ ነበር የሚነሣ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ በኋላ ስመኘው አዜመ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ጽናጽሉ አለ፤ መቋሚያው ድንጋዩን ሲነካው ይሰማል፤ ነፋሱም ከሥር እንደ ታናሽ ወንድም አብሮት ያዜማል። ርክርኳ እየተርገበገበች፣ አንዷም ሳትጎድል ትወርዳለች። የኔታ አንድ ጊዜም መልስ አላሉ። እትየ ማንጠግቦሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ጋቢው ከትከሻዬ እየተንጠባጠበ በልቤ "አለቀ፣ ሊያልቅ ነው" እላለሁ፤ እንደ ባጃጅ ነጂው።

ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው አንዲት ርክርክ ቀረች። ድምፁ ጭልጥ ብሎ አለፋት።

የኔታ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። አፋቸውን ሊከፍቱ አሉና ተዉት። ቀኑን ሙሉ ልጁን ሳያጠፋ ስንት ጊዜ መልስ እንዳሉት ታወሳቸው መሰለኝ። ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር፣ ኔትወርኩ ነው?"

እኔ ደግሞ አውቃለሁ። ነፋሱ አልተቋረጠም ነበር። ርክርኳ በጠፋችበት ቦታ ነፋሱ ሳይጎድል ሲያልፍ ሰምቻለሁ፤ ኔትወርክ ቢሆን ነፋሱንም አብሮ ይበላው ነበር። ግን ካልሲዬ ርሷል፣ ርቦኛል፣ ስመኘው ከስቷል፣ ሽማግሌዎቹ እየተሰበሰቡ ነው። በአንዲት ርክርክ የሰው ሕይወት ይበላሻል?

"አዎ የኔታ" አልኩ። "ኔትወርኩ ነው።"

"እንዲያ ከሆነ..." አሉ የኔታ።

ከመካነ ብርሃን በኩል ዝምታ ሆነ፤ ያ ያልኳችሁ መዘግየት ነው። ከዚያ የስመኘው ድምፅ መጣ፤ ጥርት ብሎ።

"አይደለም የኔታ። ኔትወርኩ አይደለም። እኔ ነኝ የገደፍኩ።"

"ምነው አንተ ልጅ! ዝም አትልም?" አሉ አያ አድማሱ፤ ስልኩ በእጃቸው ዘመመና ሰማይ ታየ።

የኔታ ሁለተኛውንም ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ በሕይወቴ ከእሳቸው ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ "መልስ፣ ልጄ" አሉ።

መለሰ። ርክርኳ ወረደች፤ አማረች፤ ጨረሰ።

"አያ አድማሱ፣ ይሰማሉ?"

ትንሽ ቆየ። "ሸጋ አርገን እንሰማለን፣ የኔታ!"

"ለሽማግሌዎቹ እንዲህ ይበሉልኝ። ስመኘው ከእኔ ተምሯል፤ ከእኔ የወሰደውን ይዟል፤ የጣለውንም አልሸሸገም። ይሹሙት፤ መስክሬለታለሁ።"

አያ አድማሱ እልል አሉ፤ ሽማግሌ እልል ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስመኘው ጉብታው ላይ ቁጭ ሲል አየነው፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ አደረገ። እትየ ማንጠግቦሽም ከዚህኛው ቤት እልልታውን ተቀበሉ፤ ግራና ቀኝ ሆኑ። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ አለቀስኩ፤ ጋቢው ርጥብ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም።

ጥሪው ተዘጋ። ልሄድ ነው፤ ልተኛ ነው። ጋቢውን ከትከሻዬ ላወርድ ስል፣

"መምህር" አሉ የኔታ።

"አቤት፣ የኔታ።"

መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ራውተሩ ጠቆሙ። ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም የረጋ። "ዛሬ ጠዋት አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ርክርኳ ስትጎድልም እንዲሁ ረግተው ነበር፤ አይቻቸዋለሁ።"

ጆሮዬ ጋለ። ውኃው ከጋቢው ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል።

"ኔትወርኩ ደኅና ነበር፣ የኔታ" አልኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

ግድግዳውን ተደገፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ገደፍክ" አሉ። "መጨረሻዋን ዋጥካት። መልስ!"

"ኔትወርኩ ደኅና ነበር፣ የኔታ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"